የጥብቅና ፈቃድ ፈተና፦ ባሕር ዳር ያላችሁ ከየት ነው የጀመራችሁት?

የሽምብጥ ልጅ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባሕር ዳር ያላችሁ የሕግ ሰዎች እስቲ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሕግ ተምሬ ከወጣሁ ዓመታት ሆኖኛል፣ አሁን እዚሁ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት በሕግ ባለሙያነት ነው ያለሁት። ሥራው ባብዛኛው ውል ማየት፣ ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ለኃላፊዎች የሕግ አስተያየት መጻፍ ነው፣ ችሎት የምቆመው አልፎ አልፎ ነው። ልቤ ግን ከድሮም ጥብቅና ላይ ነው፣ አሁን ደሞ የሥራ ልምዱም ስለሞላልኝ የፈቃድ ፈተናውን ልውሰድ ብዬ ወስኛለሁ።

ችግሩ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። የፍትሐብሔር ሕጉ ብቻ 3367 አንቀጽ ነው፣ ወንጀሉ አለ፣ ሁለቱ ሥነ ሥርዓቶች አሉ፣ አዲሱ የንግድ ሕግ 1243/2013 እኛ ስንማር ያልነበረ ነው፣ አሠሪና ሠራተኛ፣ ቤተሰብ፣ መሬት፣ ማስረጃ፣ ሕገ መንግሥቱ... ማታ ልጄን አስተኝቼ መጽሐፉን ስከፍት ሁሌ ከአንቀጽ 1 ነው የምጀምረው፣ ስለ ሰው ሕልውናና ስለ ስም ያለውንማ በቃሌ ልወጣው ምንም አልቀረኝ፣ ውል ጋ ሳልደርስ ግን ሳምንቱ ያልቃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከመጀመሪያው።

ሌላው ጥያቄዬ የክልሉን ፈቃድ ልቅደም ወይስ በቀጥታ የፌዴራሉን ልፈተን? አዲስ አበባ ደርሶ መመለሱ በገንዘብም በመንገዱም ቀላል እንዳልሆነ ታውቁታላችሁ። ደሞ በግሩፕ ማጥናት የሚፈልግ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር መገናኘት እችላለሁ። የምታውቁትን ሳትሰስቱ ንገሩኝ፣ ተባረኩ።

መዝገብ ቤት

እህቴ እንኳን ወሰንሽ። እኔ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ፈተናውንም ወስጃለሁ፣ ስለዚህ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ የማየውን ልንገርሽ። በቀን ስንት አቤቱታ እጃችን ላይ ይመጣል፣ ከነዚህ ውስጥ የሚመለሰው የሚመለሰው የፍሬ ነገሩ ሕግ ስለተሳተ አይደለም። ወይ የማስረጃ ዝርዝር አልተያያዘም፣ ወይ የክሱ ገንዘብ መጠን አልተገለጸም፣ ወይ ተከሳሹ የሚገኝበት አድራሻ የለም፣ ወይ ክሱ መጨረሻ ላይ ዳኝነት የተጠየቀው ነገር ከላይ ከተተረከው ታሪክ ጋር አይገናኝም። ባለጉዳዩ ከደራ ወይ ከይልማና ዴንሳ ድረስ መጥቶ በዛች ወረቀት ምክንያት ሌላ ቀን ተመለስ ሲባል ፊቱ ላይ የሚታየውን አንድ ቀን ያየ ሰው ሥነ ሥርዓት ሕግን ደረቅ ነው ብሎ አይዘለውም።

ስለዚህ የኔ ምክር ከፍትሐብሔር ሕጉ አትጀምሪ፣ ከፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓቱ ጀምሪ። አንቀጽ 222 እና 223ን አውጥተሽ ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት እይ፣ 234 ላይ መልስ ምን መያዝ እንዳለበት፣ 244 ላይ መጀመሪያ የሚነሱ መቃወሚያዎች፣ 33 ላይ መክሰስ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ 5 ላይ አንዴ የተፈረደ ነገር። እነዚህን በደንብ የያዘ ሰው ማንኛውም ጉዳይ ሲሰጠው የቱን በር ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል። የፍትሐብሔር ሕጉን በኋላ ጉዳዩ ሲጠራሽ ትገቢበታለሽ፣ ከአንቀጽ 1 እስከ 3367 እንደ ልብወለድ ተነቦ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ሌላ ደሞ ቀኖቹን ለብቻ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊያቸው። የፍትሐብሔር ይግባኝ 60 ቀን። የወንጀል ይግባኝ ሲሆን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ይግባኝ እንደምትዪ ታሳውቂያለሽ፣ ግልባጩ ከደረሰሽ በኋላ ማመልከቻው በ30 ቀን። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ፖሊስ ምርመራ አላለቀም ካለ የሚሰጠው ቀጠሮ ባንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ከሆነ 3 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ ከሆነ 6 ወር። የውል ጠቅላላ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት ጊዜ፣ 10 ዓመት። በፈተናም በሥራም ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ በተለይ አሠሪና ሠራተኛው ላይ፣ ሦስት ወር ማለት እኮ ሰውዬው በሽምግልና ይታረቃል ተብሎ ሲጠበቅ የሚያልፍ ጊዜ ነው።

ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ።

ከዓባይ ማዶ

@መዝገብ ቤት ሥነ ሥርዓቱ ላይ እስማማለሁ ግን አንቀጽ መሸምደድ አያስፈልግም የሚል መልእክት እንዳይተላለፍ። እኔ ያገኘኋቸው አብዛኞቹ ያላለፉ ልጆች ጉዳዩን በደንብ ተረድተውት፣ ሕጉን ግን መጥቀስ አቅቷቸው ነው። "ውሉ አይጸናም" ማለት ማንም ይላል፣ ገበያ ያለውም ሰው ይላል፣ የሕግ ሰውን የሚለየው በየትኛው ሕግ የሚለው ነው። ስለዚህ ሁሉንም ባይሆን ቁልፍ ቁልፍ የሆኑትን በቃል መያዝ ግድ ነው። ውል ላይ 1678፣ 1716፣ 1723፣ 1808፣ 1815፣ 1845። ወንጀል ላይ 23 እና ሰው መግደል ላይ 539፣ 540፣ 541 ልዩነታቸው። ወንጀለኛ ሥነ ሥርዓት ደሞ 224 አንቀጽ ብቻ ስለሆነ ሙሉውን በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ማንበብ ይቻላል፣ ምክንያት የለንም።

ደሞ ኮዶቹን በአማርኛ አንብቡ። ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተምረን እዚህ ሥራው በሙሉ በአማርኛ ነው፣ ፈተና ወረቀት ፊት ቁጭ ብሎ አማርኛውን እያማጡ መጻፍ ጊዜ ይበላል። የክልሉን ሕጎች የክልሉ የሕግ ጋዜጣ ከሆነው ከዝክረ ሕግ ላይ አውጧቸው፣ የቤተሰብ ሕጉን 79/1995 እና የገጠር መሬቱን 252/2009 ማለቴ ነው፣ ክልል ላይ የምትፈተኑ ከሆነ የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ 213/1992 ብቻ ይዛችሁ እንዳትገቡ። ኔት ባለ ጊዜ ፒዲኤፎቹን ስልክ ላይ አውርዱ፣ ኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተነዋል።

ፔዳ ሰፈር

እኔ ግን የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። አምስት ዓመት ተምረናል፣ ኤግዚት ኤግዛም ወስደን አልፈናል፣ ሕግ ደሞ ሌላው ዲፓርትመንት በ2015 ሳይጀምር በፊት ነው ኤግዚት የነበረው፣ ከዛ ሥራ ይዘን ልምድ አምጡ ተባልን እሱንም አመጣን፣ አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና። ሐኪምም መሐንዲስም እንዲህ አይጉላላም። ይሄ ሰው ወደ ሙያው እንዳይገባ በር መዝጋት ነው የሚመስለኝ።

የጣና ዳር ጠበቃ

ልጆች ደኅና ናችሁ። በዚህ ከተማ ጥብቅና ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ውይይታችሁን ሳነበው ደስ ስላለኝ ነው የገባሁት።

@ፔዳ ሰፈር ልጄ ስሜትህ ይገባኛል፣ ሐኪሙ ግን ይፈተናል፣ እሱም ተመርቆ የብቃት ምዘና ሳያልፍ የሙያ ፈቃድ አያገኝም። ኤግዚት ኤግዛም የሚለካው ትምህርት ቤቱ ያስተማረህን መያዝህን ነው። የፈቃድ ፈተናው የሚጠይቀው ሌላ ነው፣ አንድ ሰው ቤቱን፣ መሬቱን፣ ልጁን ወይ ነጻነቱን እጅህ ላይ ሊያስቀምጥ ነው፣ ይሄን ሰው አደራ ልንልህ እንችላለን ወይ ነው ጥያቄው። ባለጉዳዩ እኮ ጠበቃ ሲመርጥ የሚያይበት መንገድ የለውም፣ ችሎታህን የሚያውቀው ከተሸነፈ በኋላ ነው። በሱ ቦታ ሆኖ አስቀድሞ የሚያይለት ሰው ያስፈልጋል። ፈተናው ቶሎ ቶሎ አይወጣም፣ ውጤት ይዘገያል የምትል ከሆነ ካንተ ጋር ነኝ፣ እሱ መስተካከል አለበት። መኖሩ ላይ ግን አልደራደርም።

@የሽምብጥ ልጅ ክልል ወይስ ፌዴራል ላልሽው። የክልሉን ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ነው፣ የፌዴራሉን ፍትሕ ሚኒስቴር። የፌዴራሉ የሚመራው በአዋጅ 1249/2013 ነው፣ ከዛ በፊት 199/1992 ነበር፣ አሮጌውን አዋጅ ይዘው የሚያጠኑ ልጆች እስካሁን አያለሁ፣ ተጠንቀቂ፣ አዲሱ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን የፈቀደ ነው፣ የጠበቆች ማኅበሩንም በሕግ ያቋቋመ ነው፣ ብዙ ነገር ተለውጧል። እዚህ ባሕር ዳር ቁጭ ብለሽ የወረዳና የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳይ የምትይዢ ከሆነ የክልሉ እንጀራሽ ነው፣ እሱን አስቀድሚ። ጉዳይሽ ግን አንድ ቀን ፌዴራል ሰበር፣ የመጨረሻ ፍርድ ላይ ያለ የሕግ ስሕተት የሚታይበት ችሎት፣ መድረሱ አይቀርም፣ ያኔ የፌዴራሉ ፈቃድ ከሌለሽ ከሥር ጀምረሽ የለፋሽበትን መዝገብ ለሌላ ጠበቃ አሳልፈሽ ትሰጫለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ክልል፣ ከዛ ሳትዘናጊ ፌዴራል። የምታጠኚው ዋናው ነገር አንድ ስለሆነ ድካሙ ሁለት እጥፍ አይሆንም፣ ሥነ ሥርዓቱ፣ ፍትሐብሔሩ፣ ወንጀሉ ያው ነው።

በነገራችን ላይ ሕገ መንግሥቱ ላይ 78 እና 80ን በደንብ እዪ። የክልላችን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ ከፍተኛው ደግሞ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃን ሥልጣን በውክልና ይዘው ይሠራሉ። አንድ ጉዳይ እዚሁ ከተማ፣ እዚሁ ሕንጻ ውስጥ እየታየ የፌዴራል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ይግባኙ የት እንደሚሄድ የሚወሰነው በዚህ ነው። ይሄን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

ማንም ያላነሳው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የሰበር ውሳኔ ነው። የፌዴራል ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፣ አሁንም በ1234/2013 እንደዛው ነው። ስለዚህ ኮዱን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሹን ነው ያነበበው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በምን መልክ እንደሚደረግ የሚናገረውን የፍትሐብሔር ሕጉን 1723 ብቻ ይዞ የቤት ሽያጭ ጥያቄ የሚመልስ ሰው በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 የተባለውንና ከሱ በኋላ የመጡትን ካላያቸው መልሱ ጎደሎ ነው። የሰበር ውሳኔ ጥራዞቹን ሁሉ አንብቢ አልልሽም፣ በየርዕሱ ዋና ዋናውን አውጥተሽ ጭብጡን ብቻ በአንድ መስመር በራስሽ እጅ ጻፊው።

ሁለተኛው ሥነ ምግባር። ይሄ በቀላሉ የሚገኝ ነጥብ ነው እየተባለ ይዘለላል፣ እኔ ግን የሙያው ዋናው ነው ባይ ነኝ። የባለጉዳይን ምሥጢር መጠበቅ፣ የጥቅም ግጭት ሲኖር ጉዳዩን አለመያዝ፣ የክፍያ ውልን በጽሑፍ ማድረግ፣ የባለጉዳይን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር አለመቀላቀል። ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያገልግል ብሎ ነው ያስቀመጠው። ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው መጥሪያቸውን ገልብጠው የሚያዩ፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶችን አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ ያ 50 ሰዓት የነሱ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልስጥሽና ሞክሪው፣ ንባብ ብቻውን አያዘጋጅም። ያንዲት እናት ጉዳይ ነው፣ ያዘጋጀሁት ለጥናት ነው። ፎገራ ውስጥ ሩዝ የሚታረስበት መሬት አላቸው፣ የይዞታ ደብተሩ በሳቸውና በሟች ባላቸው ስም ነው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ሲቸግራቸው ለጎረቤት በወለድ አገድ ነው፣ ማለትም ብሩ እስኪመለስ መሬቱን እሱ ይጠቀምበት ብለው ሰጥተው 60000 ብር ተቀበሉ፣ ሦስት ሽማግሌ የፈረመበት ወረቀት አለ፣ መሬት ጽሕፈት ቤት አልተመዘገበም። ወረቀቱ ላይ ግን "ለዘለቄታው ለቅቄለታለሁ" የሚል ቃል ገብቶበታል። ዓመታት አለፉ፣ ብሩን ልመልስ ሲሉ ጎረቤትየው ሸጠሽልኛል አላቸው። ወንድ ልጃቸው ባሕር ዳር ነው የሚኖረው፣ እኔ ልክሰስላቸው ይላል። ምን ታደርጊያለሽ? ከማን፣ የት፣ ምን ብለሽ፣ በምን ማስረጃ፣ ተከሳሹ ምን ይላል፣ አንቺስ ምን ትመልሺያለሽ። በሁለት ገጽ ጻፊና እዚሁ አምጪው።

ከሩቅ አገር

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ አሁን ኒውዮርክ ነው ያለሁት፣ እዚህ የባር ፈተና ወስጄ ነው የምሠራው። ጋሼ የሰጡትን ጥያቄ ሳይ እዚህ ካለው ፈተና አንዱ ክፍል ትዝ ብሎኝ ነው።

እዚህ ከሌላ አገር በሕግ ዲግሪ የመጣ ሰው፣ እንደኛ ዓይነት የሕግ ሥርዓት ካለበት ከሆነ፣ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ማስተርስ ይማራል፣ ከዛ ነው ለፈተና የሚቀመጠው። እኔ በተፈተንኩበት አሠራር ፈተናው ሁለት ቀን ነው። አንዱ ቀን ሙሉ 200 የምርጫ ጥያቄ፣ ጠዋት መቶ ከሰዓት መቶ። ሌላኛው ቀን ስድስት የጽሑፍ ጥያቄና ሁለት የተግባር ሥራ። ከ400 ነጥብ ኒውዮርክ ላይ የሚያሳልፈው 266 ነው። ሥነ ምግባሩ ለብቻው ሌላ ፈተና አለው። የሚገርማችሁ እዚህም ፈቃድ ከመውሰድ በፊት 50 ሰዓት የነጻ አገልግሎት መስጠት ግዴታ ነው፣ ጋሼ ካሉት ቁጥር ጋር እኩል ነው።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለዛ የተግባር ሥራ ነው። አንድ ፋይል ይሰጥሃል፣ ውስጡ የባለጉዳይ ቃለ መጠይቅ፣ ደብዳቤ፣ ውል፣ አንዳንዴ የፖሊስ ሪፖርት አለ፣ ሕጎቹና የፍርድ ውሳኔዎቹም አብረው ተሰጥተውሃል። ምንም የምትሸመድደው የለም። 90 ደቂቃ አለህ፣ በዛ ውስጥ ለአለቃህ የሕግ ማስታወሻ ወይም ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ጽሑፍ አዘጋጅ ትባላለህ። ፋይሉ ውስጥ ሆን ተብሎ የማይጠቅም ወረቀት ተቀላቅሎበታል። እኔ በቃሌ ጎበዝ ነበርኩ፣ አገር ቤትም በዛው ነው ከፍተኛ ውጤት ያመጣሁት፣ መጀመሪያ ስለማመደው ግን ሰዓቱ ያለቀው ፋይሉን እያገላበጥኩ ነው። የጠቀመኝ ነገር ሰዓት ይዤ ደጋግሜ መጻፌ ነው፣ በአእምሮ እንዲህ እጽፋለሁ ማለትና ብዕር ይዞ መጻፍ አይገናኝም። ስለዚህ @የሽምብጥ ልጅ የጋሼን ጥያቄ ስልክሽ ላይ 90 ደቂቃ ሞልተሽ በወረቀት ሥሪው፣ ሲደወል አቁሚ፣ ያላለቀውን እንዳላለቀ ተዪው። ከዛ ነው የት ጋ እንደጎደለሽ የምታዪው።

የሽምብጥ ልጅ

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ጋሼ እርስዎንማ ምን ብዬ ላመስግን። ትናንት ማታ ሰዓት ሞልቼ ጻፍኩት፣ አሳጥሬ ላቅርበው።

ክሱን የማቀርበው መሬቱ ባለበት ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ክስ ንብረቱ ባለበት ስለሆነ በፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 25፣ ልጃቸው ባሕር ዳር መኖሩ ለውጥ አያመጣም። ከሳሽ እናትየዋ ናቸው፣ ልጅየው ውክልና ይዞ ለእናቱ መቆም ይችላል። ወረቀቱ ስሙ ወለድ አገድ ቢባልም "ለዘለቄታው" ስለሚል ይዘቱ ሽያጭ ነው፣ መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው የሕገ መንግሥቱ 40(3) አለ፣ ስለዚህ ውሉ ዓላማው ሕገ ወጥ ነው፣ በ1716 እና በ1808(2) ፈራሽ ይባልልኝ እላለሁ። ማስረጃዬ የይዞታ ደብተሩና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ፣ ከዛ አካባቢውን የሚያውቁ ምስክሮች። ተከሳሹ በ244 መሠረት ይርጋ ያነሳል ብዬ ጠብቄአለሁ፣ ለሱ መልሴ የክልሉ የመሬት ሕግና የሰበር ውሳኔዎች መሬትን ከሕግ ውጭ ይዞ ስለቆየ ሰው የሚሉትን ማቅረብ ነው፣ እዚህ ጋ ግን ስጽፍ ሰዓቱ አለቀብኝ። ዳኝነት የጠየቅኩት ውሉ ፈርሶ መሬቱ ይመለስላቸው የሚል ነው።

ምን ጎደለኝ?

መዝገብ ቤት

ጥሩ ነው የሠራሽው። ከመዝገብ ቤት ዓይን ካየሁት አንድ ነገር፣ ወረቀቱን ራሱን እንደ ማስረጃ አላያያዝሽም። ኮፒው እናትየዋ ጋ ከሌለ በተከሳሹ እጅ ስላለ ያቅርብ ተብሎ ይታዘዝልኝ ብለሽ ከመጀመሪያው መጠየቅ አለብሽ፣ በኋላ አመጣለሁ ማለት ጣጣ አለው።

የጣና ዳር ጠበቃ

የኔ ልጅ በደንብ ሠርተሻል። የፍርድ ቤቱን ቦታ አልሳትሽም፣ ውሉን በስሙ ሳይሆን በይዘቱ ማየትሽ ትክክል ነው። መዝገብ ቤት ያለውም ልክ ነው። አራት ነገር ልጨምርልሽ።

ደብተሩ ላይ የሁለት ሰው ስም ነው ያለው ብያለሁ። የባልየው ድርሻ የማን ነው? ልጅየው እናቱን ብቻ የሚወክል ሰው አይደለም፣ የአባቱ ወራሽ ሊሆን ይችላል፣ ሌሎች ልጆችም ይኖራሉ። እናትየዋ ብቻቸውን ከከሰሱ ተከሳሹ "ግማሹ ላይ መብት የለሽም" ብሎ 33ን ያነሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ጥያቄ ወራሾቹ እነማን ናቸው የሚለው ነው፣ የክልሉን የመሬት ሕግ የውርስ ክፍል አውጪና እዪው፣ ከዛ አብረው ከሳሽ ይሁኑ አይሁኑ ትወስኛለሽ። ባለጉዳይ ቢሮሽ ሲመጣም እንዲሁ ነው፣ ታሪኩን የሚነግርሽ ሰውና የመብቱ ባለቤት ሁሌ አንድ አይደሉም።

60000 ብሩን የት አደረስሽው? ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች ወደነበሩበት ይመለሳሉ፣ 1815 እሱን ነው የሚለው። እናትየዋ ብሩን ለመመለስ ዝግጁ መሆናቸውን ክሱ ላይ ካልጻፍሽ ተከሳሹ ይጽፈዋል፣ ዳኛውም እናትየዋን መሬቱንም ብሩንም የሚፈልጉ አድርጎ ያያቸዋል። ራስሽ ቀድመሽ ስትጽፊው የሳቸው ቅንነት ይታያል።

ይርጋው ላይ ሰዓት አለቀብኝ ያልሽው ጥሩ ምልክት ነው፣ ከባዱ ቦታ እሱ እንደሆነ ገብቶሻል። አንድ ነገር ያዢ፣ 1856(2) ላይ ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አያነሳም ይላል። ስለዚህ ክስሽ ላይ ተከሳሹ ገና ሳያነሳው ስለ ይርጋ አንድ ገጽ አትጻፊ፣ መልሱን አዘጋጅተሽ ኪስሽ ውስጥ አኑሪው፣ ሲያነሳ ታወጪዋለሽ። ፈተና ላይ ከሆነ ግን ተከሳሹ ምን ይላል ተብለሽ ስለተጠየቅሽ ሙሉውን ጻፊው።

የመጨረሻው ትልቁ ነው። ጎረቤትየው እነዚህን ዓመታት ሁሉ ሩዝ ሲያመርት ነበር። የምርቱን ግምት አልጠየቅሽም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ 216 ከአንድ ጉዳይ የሚመነጨውን ጥያቄ ሁሉ ባንድ ላይ አምጣ ይላል፣ የተውሽውን በሌላ ክስ ልትመለሺበት አትችዪም። መሬቱን አስመልሰሽላቸው፣ ደስ ብሏቸው መርቀውሽ ሄደው፣ በኋላ ስለ ምርቱ ሲጠይቁሽ አይቻልም ልትያቸው ነው። ግን ደግሞ አስቢበት፣ ምርቱን ስትጠይቂ እሱ በበኩሉ የ60000 ብሩን ወለድና ያለማሁበት ወጪ ይከፈለኝ ሊል ይችላል። መጠየቁ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን አስልተሽ፣ ለባለጉዳይሽ አስረድተሽ፣ ውሳኔው የሳቸው ይሁን።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ከሆነ እኔም እመጣለሁ፣ ጠዋት ባለጉዳይ አለብኝ። የወንጀል ጥያቄ ይዤ ነው የምመጣው፣ ዋስትና ተከልክሎ ሁለት ጊዜ የምርመራ ቀጠሮ የተሰጠበት ልጅ ጉዳይ ነው። ከወንጀለኛ ሥነ ሥርዓቱ 59ን እና 63ን፣ ከሕገ መንግሥቱ 19ን አንብባችሁ ኑ።